የቅዳሜዋ ስምንት

ይድረስ ለአድማሴ፣ ሰው ፊት «እርስዎ»፣ በራችን ሲዘጋ ደግሞ «አንተ» እያልሁ አሥራ ስምንት ዓመት አብሬህ ለኖርሁት ባሌ። ይህ ደብዳቤ ሰው ፊት ይሁን በር ተዘግቶ፣ ከየትኛው ልጀምር ብዬ ብዙ አመነታሁ። በመጨረሻ በሩ ተዘግቷል ብዬ ቆረጥሁ። ስለዚህ «አንተ» ነህ፤ ቅር እንዳይልህ።

ከተለያየን ዓመት ከአራት ወር ሆነን። በሐምሌ ጭቃ ቀበርንህ፤ ሙት ዓመትህንም በሐምሌ ጭቃ አወጣን። ቀሳውስቱ እግራቸውን ታጥበው እስኪገቡ ወጡ ቀዘቀዘ። አንተ ብትኖር ኖሮ ተማሪዎችህን ደጅ አሰልፈህ የዝናቡን መጠን በጣሳ ታስለካቸው ነበር። በዚያ ሰሞን ልጽፍልህ ሁለት ሦስት ጊዜ ብዕር አንስቼ ነበር፤ ወረቀቱን በእንባ እያበላሸሁ ተውሁት። የዛሬው ግን ሌላ ነው። ደስ ብሎኛል አድማሴ! ደስ ሲለኝ ደግሞ አፌን መዝጋት እንደማልችል ታውቃለህ። ለጎረቤት ነገርሁ፣ ለዘመድ ነገርሁ፣ ለበቅሎዋ ሳይቀር ነገርሁ፤ አልወጣልኝ አለ። የነገሩ ባለቤት አንተ ነህና ለአንተው ልንገርህ።

መጀመሪያ የቤቱን። ለመስከረም ግድግዳውን በእበት ስለቀልቅ አንተ በከሰል የጻፍኸውን የማባዣ ሰንጠረዥ ሳልነካ ዙሪያውን ዞርሁት። አሁን በአዲሱ ልቅላቂ መካከል እንደ መስኮት ቁጭ ብሏል። እህቴ አይታ ሳቀችብኝ፤ ትሳቅ። በቅሎህ ደኅና ናት። ገበያ ልሄድ ስጭናት ዛሬም ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ደወል ካልተደወለ ንቅንቅ የለም። ባለፈው ማክሰኞ ከነጭነቷ ተገትራ ተማሪው ሁሉ በመስኮት ሲስቅብኝ፣ «አስተማሪሽ የለም፣ ሂጂ!» ብዬ ጮህሁባት። ያልሁት ቃል መልሶ ለራሴ ተሰማኝና እዚያው አለቀስሁ። ወዲያው ደግሞ ደወሉ ተደወለና መንገዷን ቀጠለች፤ እኔም እየሳቅሁ ተከተልኋት።

ልጅ አልሰጠንም ብለን ያዘንነውን እግዜር ሰምቶ ኖሮ ቤቱን በተማሪ ሞላው። ከአበርገሌ የመጡ ሁለት ወንድማማቾች አሉኝ፤ ቁመታቸው ከጣራው ሊደርስ ነው፤ የሚበሉትንማ አትጠይቀኝ። ከደሃና ደግሞ ሁለት ልጃገረዶች አሉ። አንደኛዋ የእህቴ ልጅ አለሚቱ ናት። አንተ ስትሞት አምስተኛ ክፍል ነበረች፤ ባለፈው ሰኔ ስድስተኛን ከክፍሏ አንደኛ ሆና ጨረሰች። የደስታዬ ምክንያት እሷ ናት። አለሚቱ ሰባተኛ ክፍል ልትገባ አልነበረምና። ሊያስቀራት የነበረውም የእኔ ስሕተት ነው፤ አንተ እስከ መቃብርህ ድረስ ተሸክመህልኝ የሄድኸው ስሕተት።

ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ያንተ ግዛት ነበር። ለአንተ ሒሳብ ብቻውን፣ ሳይንስ ብቻውን፣ መጽሐፍ ቅዱስ ብቻውን የሚባል ነገር አልነበረም። ሁሉም ከአንድ እጅ የወጣ ነው ትል ነበር። ባቄላ በውኃ ዘፍዝፈህ ሁለት ቦታ ትከፍላትና የውስጧን ቡቃያ እያሳየህ ስለ ፍጥረት ሦስተኛ ቀን ትናገራለህ። ስለ ወንዞች ስታስተምር ከኤደን ስለሚወጡት አራቱ ወንዞች አንሥተህ፣ አንድ የአበርገሌ ልጅ ተቆጥቶ ተከዜ ለምን ከነሱ ጋር አልተጻፈም ብሎ እንደጠየቀህ ነግረኸኝ ነበር። ተከዜ ትሑት ስለሆነ ነው ብለህ መለስህለት፤ ልጁም ደስ ብሎት ተቀመጠ። እኔ ግን ውሸታም ነህ አልሁህ።

የኖኅ መርከብ የተለካችበትን ቀንማ ሰቆጣ እስከ ዛሬ አልረሳችውም። ልኬት ልታስተምር ሰባተኛ ክፍልን ይዘህ ገበያው ሜዳ ወረድህ፤ ርዝመቷ ሦስት መቶ ክንድ ነውና በክንዳችሁ ለኩ አልሃቸው። ልጆቹ በሆዳቸው ተኝተው በክንዳቸው አፈሩን እየለኩ ሜዳውን ሲያቋርጡ ባላገሩ አየና መሬት ሊለካ፣ ግብር ሊጨመር ነው የሚል ወሬ ተነሣ። ከሰዓት በኋላ የባላገር ሽማግሌዎች ቤታችን በር ላይ ተሰብስበው ምሕረት ሲለምኑህ፣ አንተ እየሳቅህ መርከቧ ከጥፋት ውኃ በፊት የተሠራች ናት፣ ግብርም የለባትም ብለህ ሸኘሃቸው። በማግስቱ የአጭሩ ልጅ መርከብና የረጅሙ ልጅ መርከብ በብዙ እርምጃ እንደተለያየ በሰሌዳ አሳይተህ፣ ሰው ሁሉ የሚስማማበት አንድ መለኪያ ለምን እንዳስፈለገ አስረዳህ። ሜትርን ያን ቀን እኔም ገባኝ።

እኔ በዚያ ክፍል አንድ ቀን አልተቀመጥሁም። ያንተ ትምህርት ወደ እኔ የመጣው ጠዋት ጠዋት ነው። ልብስህን እየለበስህ የዕለቱን ትምህርት ጮክ ብለህ ትለማመዳለህ፤ እኔ ምስር እየለቀምሁ እሰማለሁ። ማንበቡንና መጻፉን ራስህ በዳዊት አስተምረኸኛል፤ ሒሳቡን ግን ከምስሩ ጋር ለቀምሁት። ከሁሉ የወደድሁት ባሕረ ሐሳቡን ነው፤ የበዓላትና የአጽዋማት መግቢያ የሚገኝበትን ቁጥር። ካህናቱ በቃል የሚያዜሙትን አንተ በሰሌዳ ላይ ማካፈልና ማባዛት አድርገህ ስታስተምረው ነፍሴ ትደሰት ነበር። መጥቅዕ የሚባለውን የዓመቱን ቁጥር ታወጣለህ። ቁጥሩ ከአሥራ አራት ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት የሚውልበትን ዕለት ታያለህ። ለዕለቱ የተመደበውን ጭማሪ ትደምርበታለህ፤ የነነዌ ጾም መግቢያ ይመጣልሃል። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቆጥረህ ዐቢይ ጾም ትገባለህ። ጭማሪዎቹን በዜማ ነበር የምትላቸው፤ እሑድ ሰባት፣ ሰኞ ስድስት፣ ማክሰኞ አምስት፣ ረቡዕ አራት፣ ሐሙስ ሦስት፣ ዓርብ ሁለት። ዓርብ ላይ ስትደርስ ባርኔጣህን አንሥተህ ወጣህ ማለት ነው። ቅዳሜን ሁልጊዜ ከበቅሎዋ ጋር ደጅ ነበር የምትላት።

እንግዲህ ያ ዓመት መጣ። በአባቴ አገር፣ በደሃና፣ ዘመን የሚቆጥሩት አሮጌው መሪጌታ በክረምት አረፉ። ቄስ ታደለ ቅዳሴውን እንጂ ቁጥሩን አያውቁም ነበር። ስለዚህ አባቴን፣ አማችህ ይህንኑ በትምህርት ቤት ያስተምራል አይደል፣ የዘንድሮን ጾም መግቢያ ጽፎ ይላክልን ብለው ላኩት። አባቴ ሲመጣ አንተ መጻሕፍት ልታመጣ ደሴ ወርደህ ነበር። ጠብቅ ማለት እችል ነበር። አላልሁም። አባቴ ደጄ ላይ ቆሞ፣ የመምህር ሚስት ነኝ ብዬ እየተኩራራሁ፣ አልተወልኝም ልበለው? ተቀመጥ፣ ጽፎ ትቶልሃል፣ ፈልጌ ላምጣ አልሁትና ጓዳ ገባሁ።

ጓዳ ውስጥ በምስር ቆጠርሁ። መጥቅዑ ስምንት ወጣ፤ የሚውለው ጥቅምት ስምንት፣ ዕለቱ ቅዳሜ። የቅዳሜን ጭማሪ ሰምቼ አላውቅም። ግን ምን ቸገረኝ? ሰባት፣ ስድስት፣ አምስት፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት እያለ ከወረደ ቀጥሎ ያለው አንድ ነዋ! ስምንትና አንድ ዘጠኝ። መጥቅዑ ጥቅምት ሲውል የነነዌ ጾም የካቲት ነውና፣ የካቲት ዘጠኝ። ጾሙ የሚገባው ሁልጊዜ ሰኞ መሆኑን አውቃለሁና ልክ መሆኔን ላረጋግጥ ቀኖቹን በጣቴ ቆጠርሁ፤ ሰኞ ላይ ዋለልኝ! በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ያንተን የእጅ ጽሕፈት አስመስዬ፣ ዐቢይ ጾም የካቲት ሃያ ሦስት ይገባል ብዬ ጻፍሁና ሰጠሁት። አንተ ስትመለስ አልነገርሁህም። በስምህ ስለጻፍሁ ፈርቼ ነው።

መንደሩ ራቅ ያለ ነውና የነነዌውን ሦስት ቀን ማንም ሳያውቅባቸው ጾሙት። ዐቢይ ጾምንም በወረቀቴ መሠረት ሰኞ ያዙ። በማግስቱ ማክሰኞ አባቴ ሰቆጣ ገበያ ወጣ። ምን ቢያይ ጥሩ ነው? ቅቤ ይሸጣል፤ በግ ይጎተታል፤ አንድ ቄስ ራሳቸው በሙክት ዋጋ ሲከራከሩ አገኛቸው። ሰቆጣ ሃይማኖቷን ካደች ብሎ ጭንቅላቱን ይዞ ወደ ቤታችን ሮጠ። ለእኛ ገና ቅበላ ነዋ! አንተ ጥብሱን በእንጀራ ጠቅልለህ ወደ አፍህ ስትወስድ አባቴ ከበር ቆመ። ሲቆጣ አማርኛው ይጠፋበታልና የወረደብን በኽምጣንጋ ነው። አንተ ግማሹን ሳትረዳ ጉርሻህን እንደያዝህ ቀረህ።

የዚያን ቀን ፊትህን አልረሳውም። ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠህ። አየኸው። የራስህን የሚመስለውን ጽሕፈት አየህ፤ ቁጥሮቹን አየህ፤ ከዚያ ቀና ብለህ እኔን አየኸኝ። እኔ ግድግዳው ተከፍቶ ቢውጠኝ ወደድሁ። አንተ ግን ጉርሻውን መሶቡ ላይ መልሰህ ተነሣህና፣ «ይቅር ይበሉኝ አባቴ፣ ስሕተቱ የእኔ ነው» አልህ። ጎንበስ ብለህ እግሩን ልትስም ስትል አባቴ እግሩን ሰብስቦ ወጣ።

እሱ ሲወጣ እኔ ማልቀስ ጀመርሁ። አንተ ግን አድማሴ፣ ሳቅህ! እንባህ እስኪመጣ ሳቅህ። ጎሽ ብርቄ፣ ሰኞ ላይ እኮ ዋለልሽ፣ ሥርዓቱን ማንም ሳያሳይሽ ያዝሽው እያልህ ምስሩን ራስህ መሶቡ ላይ ደረደርህ። ቅዳሜ አንድ ቢሆን ትንሣኤ ከአይሁድ ፋሲካ ጋር በአንድ ቀን ይውላል፤ አባቶች ደግሞ ትንሣኤ ፋሲካውን ተከትሎ እንጂ አብሮት እንዳይውል ወስነዋል፤ ስለዚህ ቅዳሜ ሲሆን ሙሉ ሳምንት ተገፍቶ አንድ የነበረው ስምንት ይሆናል ብለህ አስረዳኸኝ። ስምንትና ስምንት አሥራ ስድስት። ልክ ሰባት ቀን አስቀድሜ አገር አስጾምሁ! በዚያው እሑድ አንተ ደሃና ወጣህ፤ ሕዝብ ፊት ቆመህ አጠፋሁ ብለህ ተመለስህ። እነሱም አንዴ ከያዝነው ጾም አንወጣም ብለው ቀጠሉበት። ሌላው ክርስቲያን ስምንት ሳምንት ሲጾም እነሱ ዘጠኝ ሳምንት ጾሙ። የአንተም ስም ከዚያ በኋላ በዚያ አገር «መምህር ዘጠኝ ሳምንት» ሆነ።

እኔ እውነቱን ልናገር ስልህ ከለከልኸኝ። ቆይ፣ ይበርድ አልህ። ሳይበርድ ዓመታት ሄዱ፤ እኔም ዝምታው ተመቸኝ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ተመችቶኝ ነበር። አባቴ ደግሞ በቤተሰቡ ላይ ሕግ አወጣ፤ ልጅ ይማር፣ ስድስተኛም ይድረስ፣ ሰባተኛ ግን ማንም እንዳይገባ፤ አገር ያስጾመው ሒሳብ ያለው እዚያ ነው አለ። አራት የወንድምና የእህት ልጆች ስድስተኛ ላይ ቆመው ቀሩ። አንተ በየዓመቱ መስከረም ስማቸውን መዝገብ ላይ ጽፈህ ትጠብቃቸው ነበር። ለቀብርህ ከደሃና የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ዘጠኝ ሳምንት አረፉ እንዴ፣ ነፍስ ይማር ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የእኔ ስም በአንተ ሬሳ ላይ ሲጠራ ነው የሰማሁት። ያን ቀንም ዝም አልሁ።

አሁን ወደ መስቀል ልምጣልህ። ዘንድሮ መስቀል ዓርብ ዋለና ከአለሚቱ ጋር ደሃና ወጣን። ደመራው በርቶ፣ ሁሉም ጠግቦ ተቀምጦ ሳለ አባቴ አለሚቱ ከእንግዲህ እዚሁ ትቀመጣለች፣ ስድስተኛን ጨርሳለች፣ ይበቃታል አለ። ልጅቱ ደብተሯን ከጋቢዋ ሥር ሸጎጠችው። በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ከወንዝ ውኃ ይዛ ስትመለስ ዓይኗ አብጦ ነበር። እኔ ምስር እለቅም ነበርና ሳላስበው እጄ መቁጠር ጀመረ። የዘንድሮ መጥቅዕ አሥራ ስምንት። የሚውለው መስከረም አሥራ ስምንት፤ ማለትም ያን ዕለት። ዕለቱ ደግሞ ቅዳሜ። ከዚያ ስሕተቴ ወዲህ አሥር ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ውሎ አያውቅም፤ አንድ ጊዜ እንኳ! ምስሩ ከእጄ ወደቀ። እግዜር በግልጽ ይናገራል ትለኝ የነበረውን ያን ቀን አመንሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ላይ፣ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲቀዳ ተነሥቼ ቆምሁ። አባቴ ሴትየዋ ምን ነካት በሚል ዓይን አየኝ። የዚያን ዓመት ወረቀት የጻፍሁት እኔ ነኝ አልሁ። መምህር ያኔ ወደ ደሴ ወርደው ነበር፤ እሳቸው አላዩትም፤ በስማቸው ጻፍሁ፣ ቅዳሜን አንድ ብዬ አስጾምኋችሁ፤ እሳቸው ስሜን ሸፍነው ስማቸውን ሰጧችሁ አልሁ። ሰው ፊት ነህና «እርስዎ» ነበርህ፤ እንባዬ ግን «አንተ» እያለ ይወርድ ነበር።

ከዚያ ከወደ ኋላ አንድ ሰው ብድግ ብሎ ምን አለ መሰለህ? በዚያ ዓመት፣ ጾሙን በያዙበት ሳምንት እሑድ፣ ሰርጉ ተደግሶለት የነበረው ሰው ነው። ጾሙ ቀድሞ ገባና ሙሽሪትን እስከ ፋሲካ ማዶ ድረስ ጠብቋት ነበር። «አንቺ ነሻ ያን ሁሉ ቀን ያስጠበቅሽኝ!» አለ። ሚስቱ ከሴቶቹ መካከል ሆና፣ ባስጠበቀችህ ነው የጨመትኸው ብላ መለሰችለት። ሰንበቴው በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌዎቹ ጠላቸው እስኪደፋ ሳቁ።

አባቴ ብቻ አልሳቀም። ሳቁ ሲበርድ ጉሮሮውን ጠረገ። አሥር ዓመት ሙሉ ያንተን ስም ሲሰማ ምራቁን የሚተፋ ሰው ምን ቢል ጥሩ ነው? ለመሆኑ ዘጠኝ ሳምንት ምን ይበዛል? ያን ዓመት ገብሳችን እንዴት ይዞ እንደነበር ረሳችሁት? ያ ተጨማሪ ሳምንት ነው ያሰጠን አለ! አድማሴ፣ ንድድ አልሁ! አንተ ስትሆን አገር ያጠፋ ስሕተት፤ እኔ ስሆን በረከት! ልናገረው አፌን ስከፍት ግን እንባው በጢሙ ላይ ሲወርድ አየሁና ዘጋሁት። ያንን ሰው በደልሁት አለ፤ በኽምጣንጋ ነው ያለው፤ እኔና ጥቂቶቹ ብቻ ሰማን።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ስቀመጥ ቄስ ታደለ ተነሥተው ወደ ዕቃ ቤት ገቡ። ሲመለሱ ያንን ወረቀት ይዘዋል! በስንክሳሩ ውስጥ አስቀምጠውት ኖሯል። እኔ የጻፍሁት በፊቱ ነው። ጀርባውን ግን አላውቀውም ነበር። ያን እሑድ ደሃና ወጥተህ አጠፋሁ ባልህ ጊዜ፣ ጀርባው ላይ ሒሳቡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ከነምክንያቱ፣ ቅዳሜ ስለምን ስምንት እንደሆነ ለቄሱ ጽፈህላቸው ኖሯል። ቄስ ታደለ ዘመን መቁጠር የተማሩት፣ ይኸው አሥር ዓመት አገሩን ሳያሳስቱ ያስጾሙት በዚያች ወረቀት ነው። ከታች ያለውን ጮክ ብለው አነበቡት፤ «ይህን ያሰላችው ተማሪዬ ናት። ማንም ሳያሳያት የቁጥሩን አወራረድ በራሷ አግኝታለች። ምክንያቱን ያልነገርኋት እኔ ነኝና ስሟን አያንሡብኝ፤ ስሕተቱ የአስተማሪዋ ነው።»

ቄሱ ያን ሁሉ ዓመት ያውቁ ነበር። አደራህን ይዘው ዝም አሉ።

ተማሪዬ ብለህ ጻፍህ አድማሴ። እኔ ያንተ ምስር ለቃሚ ነበርሁ። ክፍልህን በመስኮት እንኳ አላየሁም። አንተ ግን ከመዝገብህ ሳልገባ መዝግበኸኝ ኖሯል። ያን ቀን በሰው ሁሉ ፊት ነጠላዬን አፌ ላይ ጥዬ ሳቅሁና አለቀስሁ፤ የቱ እንደበዛ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት አባቴ በቅሎዋን ራሱ ጫነ፤ አለሚቱንም ራሱ አምጥቶ ለዳይሬክተሩ አስረከባት። በቅሎዋ እንደ ልማዷ በሩ ላይ ስትቆም፣ ይቺስ ከኔ ቀድማ ነው የተማረችው አለ። ለከርሞ የወንድሜን ልጅም ሰባተኛ ሊያስገባው ምሏል። ስድስተኛ ላይ ከቀሩት ከአራቱ ደግሞ አንዱ፣ ሚስት አግብቶ እንኳ፣ ዘግይቼ ይሆን ብሎ ልኮብኛል። አልዘገየህም አልሁት። አንተም እንዲሁ ትለው ነበር።

አሁን ደግሞ የምትስቅበትን ልንገርህ። በአንተ ቦታ የመጣው መምህር ጨዋ ልጅ ነው፤ ሱሪው ይተኮሳል፣ ሳይንሱን ይችላል። ባሕረ ሐሳብ ግን ሰምቶም አያውቅ። ተማሪዎቹ እንደ ቀድሞው ይማሩት ብሎ ማስታወሻ ደብተርህን ሊለምነኝ መጣ። ደብተሩን ሰጠሁት፤ ጽሕፈትህን ማንበብ አልቻለም። እዚሁ መሶቡ ላይ በምስር አስተማርሁት! በሳምንቱ እትዬ ብርቄ፣ እባክዎ ክፍል መጥተው ያስረዱልኝ አለ። ይኸው በየሐሙሱ ነጠላዬን አጣፍቼ ሰባተኛ ክፍል እገባለሁ። በመጀመሪያው ቀን ጠመኔው ከእጄ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ጭማሪዎቹን በዜማህ እያልሁ ጻፍሁ፤ ዓርብ ሁለት ላይ ደርሼ ቆምሁና ቅዳሜስ ስንት ነው ብዬ ጠየቅሁ። ክፍሉ በሙሉ፣ አለሚቱን ጨምሮ፣ አንድ ብሎ ጮኸ። ሳቄ መጣ፤ መቆም አቃተኝ። ከዚያ አንተ እንዳስረዳኸኝ አስረዳኋቸው፤ ምክንያቱን ሳልነግራቸው አልወጣሁም። አንዲት የነጋዴ ልጅ፣ ዘሃራ፣ አባቷም ጨረቃ እንደሚቆጥር ነግራን፣ በሚቀጥለው ሐሙስ የእነሱን የጾም ወር አቆጣጠር ጽፋ አመጣች። ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ አስቀመጥነው። አንተ ብታየው ከክፍል አትወጣም ነበር።

ዘንድሮ አሥራ ስምንትና ስምንት ሃያ ስድስት ነው። የነነዌ ጾም ጥር ሃያ ስድስት፣ ዐቢይ ጾም የካቲት አሥር፣ ትንሣኤ ሚያዝያ አምስት። አለሚቱ አወጣችው፣ ቄስ ታደለ አዩት፣ እኔም በምስር ቆጠርሁት፤ ሦስታችንም ተስማማን። ደሃና ስምንት ሳምንት ብቻ ይጾማል። ስሙ ግን አልጠፋም፤ አሁን እኔን ነው «ወይዘሮ ዘጠኝ ሳምንት» የሚሉኝ። በገበያ መካከል ሲጠሩኝ አቤት እላለሁ። ደስ እያለኝ እላለሁ። ስምህን መልሼልሃለሁ፤ የእኔንም ወስጃለሁ።

ቄስ ታደለ ወረቀቷን ሰጡኝ፤ በቃሌ ይዣታለሁ አሉ። ባስተማርኸኝ ዳዊት ውስጥ አስቀምጫታለሁ። በየዓመቱ መጥቅዑ ሲወጣ መቃብርህ ድረስ መጥቼ ዕለቱን እነግርሃለሁ፤ ቅዳሜ በሆነ ዓመት ደግሞ ሰባተኛ ክፍልን በሙሉ ይዤ እመጣለሁ፤ ያኔ ስምንቱን ካንተ ጋር ጮክ ብለን እንላታለን። እኔ እስካለሁ ይህ አይቀርም። እኔ ስሄድም ለአለሚቱ አደራ ብያለሁ።

ወረቀቷ ጀርባ ላይ፣ ከፊርማህ ሥር፣ ትንሽ ባዶ ቦታ ተርፋ ነበር። ለማን እንደተውሃት ያወቅሁ መሰለኝ። ትናንት ጠዋት ቀለም በጥብጬ ስሜን ጻፍሁባት፤ እዚህም እደግመዋለሁ።

ተማሪህ፣
ብርቄ ኪሮስ